ሉፐስ ያለባት ልጅ ስትተነፍስ ጎኗን ሲወጋት

ቀጠሮዋ እስኪደርስ አትጠብቂ እህቴ፤ ዛሬውኑ ውሰጃት። የ13 ዓመቷ ልጅሽ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል፣ ኩላሊትንም ጭምር፣ የሚያጠቃበት በሽታ) አለባት፣ አየር ስትስብ ጎኗን ይወጋታል፣ ያተኩሳታል ብለሻል። ይሄ "ብርድ ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ምናልባት የሳንባዋ ሽፋን ተቆጥቶ ይሆናል። ሉፐስ ሳንባ ላይ ከሚያመጣው ችግር በብዛት የሚታየው ይኸው ነው፤ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል። መድኃኒቷ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይሻላታል። ግን ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ለሉፐስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የሳንባ ምችም ቲቢም በቀላሉ ይገባል። የሽፋኑ መቆጣትና የኢንፌክሽን ሕክምና ለየቅል ነው፤ በማዳመጫ ብቻ መለየት ደግሞ ያስቸግራል። ስለዚህ የደረት ራጅና የደም ምርመራ ሳይታይ አትመለሺ። ኩላሊቷም እንዲታይ ሽንቷ ይመርመር።

ሐዋሳ ውስጥ ከሆንሽ ሪፈራል ሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል አለው። ደም ካሳላት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ለማውራት ትንፋሽ ካጠራት ግን ካርድ ልታወጪ ወረፋ አትያዢ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሳንባ ውስጥ ደም መፍሰስ ብዙ ባያጋጥምም ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ነገር አደራ። ፕሬድኒሶሎኑን በራስሽ እንዳታቋርጪ። እኛ የእህቴ ልጅ በመድኃኒቱ ፊቷ ሲያብጥ ደንግጠን አቆምንባት። በቀናት ውስጥ አቅም አጥታ፣ እያስመለሳት ተሸክመን ወሰድናት። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ኮርቲዞል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ሐኪም ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። የምትውጣቸውን ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዘሽ ሂጂ። ማታ ውጤቱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።