ዶዝ ከማስጨመርሽ በፊት ኪኒኗን ከምን ጋር እንደምትውጪያት ንገሪያቸው

ሰላም እህቴ፣ «የታይሮይድ ኪኒን ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፣ ሁለት ሕፃናት አሉኝ፣ ሐኪሙ ደግሞ ዶዝ ልጨምርልሽ እያለኝ ነው» ያልሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ፣ ቁርጥ የኔ ታሪክ ነው። እኔም ጎንደር ነኝ፣ አዘዞ፣ ትንሿን ከወለድኩ በኋላ ነው የጀመረኝ።

1ኛ፦ ኪኒኗ (ሌቮታይሮክሲን) በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ፣ ይሄን መቼም ነግረውሻል። ቡናውንስ ነግረውሻል? ቁርስም ቡናም ከኪኒኗ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለባቸው። እኛ ቤት አማቴ ገና ሳይነጋ ነው ቡና የምታፈላው፣ አቦሏን አልጠጣም ብትያት ታኮርፋለች፣ ስለዚህ እኔ ልጅቷ ሌሊት 11 ሰዓት ለጡት ስትነሳ ኪኒኗን ዋጥ አድርጌ መልሼ እተኛለሁ፣ ቡናው ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል፣ ኩርፊያም የለም።

2ኛ፦ የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) እና ካልሲየም ከታይሮይዷ ጋር ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ፣ አብረሽ ከወሰድሻቸው ታይሮይዷ በደንብ ወደ ደም አትገባም። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ሁለቱንም «ጠዋት ጠዋት» ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔም እንደታዘዝኩት እውጣለሁ። ቲኤስኤች (ታይሮይድ ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) አልወርድ አለ። ዶዝ ጨመሩ። አሁንም አልወርድ አለ፣ ደግሞ ጨመሩ! ፀጉሬ በማበጠሪያው ሙሉ እየወጣ፣ ትልቁ ልጅ «እማ ተነሺ» እያለ እየጎተተኝ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የወለደ ሁሉ ይደክመዋል» ይለኛል። የካርድ ክፍሏማ ሌላ ናት፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ እያወራች ካርዴን በሁለት ጣት ገፋ አድርጋ «ቀጠሮሽ ዛሬ አይደለም»፣ ወረቀቱ ላይ የዛሬው ቀን በራሷ እጅ ተጽፎ! ልጅ አዝዬ ቆሜ ነው ይሄ ሁሉ።

የደረሰችልኝ ፒያሳ አካባቢ ያለች ፋርማሲስት ናት፣ ገና ልጅ ናት። ማዘዣውን አይታ «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ብላ ፌስታሌን አስከፈተችኝ፣ አይረኑን ስታይ «ይሄን መች ነው የምትወስጂው?» አለችኝ፣ በቃ እዛው ተገኘ። አይረኑ ወደ ማታ ዞረ። ግን ስሚኝ፣ ነገሩ እዚህ አላበቃም፣ ያ የተቆለለው ዶዝ ያለ ከልካይ ሲገባ ልቤ ይመታ ጀመር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ የልጅቷን አጥሚት ደፋሁት፣ ሌላ ቦታ ሄጄ ተመርምሬ ዶዙ ተቀነሰልኝ። ያን ሁሉ ብር የበላው ጭማሪ እንግዲህ ለምን እንደነበር እነሱው ይንገሩን። አይረኑን ስታዘዋውሪ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ በራስሽ ግን ዶዝ እንዳትነኪ።

3ኛ፦ ዶዝ ከተቀየረ ወይ የአወሳሰድ ሰዓት ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ ቲኤስኤች መለካት ትክክለኛውን አያሳይም። እኔን ቶሎ ቶሎ ደም እየቀዱ ያስከፍሉኝ ነበር፣ ተይው፣ ደሜ ይፈላል።

ጎረቤት ደግሞ ይመጣብሻል። «መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ጡት አስጥያት» አሉኝ፣ አላስጣልኩም፣ ዶዙ ልክ እስከሆነ ድረስ ሌቮታይሮክሲን እየወሰድሽ ማጥባት ትችያለሽ፣ ይኸው ልጄ ድንቡሽቡሽ ብላ አድጋለች። «አዮዲን ያለው ጨው ብዪ ይለቅሻል» የሚሉም አሉ፣ ጨው ለቤቱ ሁሉ ጥሩ ነው፣ እንቅርትንም ይከላከላል፣ የኪኒኗን ቦታ ግን አይተካም። ሦስተኛ ካሰብሽ ገና እንዳረገዝሽ ንገሪያቸው፣ በእርግዝና ጊዜ ዶዙ አብዛኛውን ጊዜ መጨመር ይኖርበታል፣ ያኔ ሲጨምሩልሽ አትከራከሪ። ሁዳዴንም ጠይቄያለሁ፣ የንስሐ አባቴ «መድኃኒት ምግብ አይደለም» ብለውኛል፣ አንቺም ያንቺን ጠይቂ።

ኪኒኗን ኩሽና አታስቀምጫት፣ ሙቀትና እንፋሎት አይስማማትም፣ ልጆች ደግሞ ከረሜላ ትመስላቸዋለች። የኔ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ናት፣ ትልቁ ልጅ ወንበር መሳብ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቆልፌያታለሁ።

አሁን አንቺ ንገሪኝ፣ ከወለድሽ በኋላ አይረን ሰጥተውሽ ነበር? አሁንም እየወሰድሽ ነው? ከሆነ ሐኪሙ አዲሱን ዶዝ ሳይጽፍ የምትውጪውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊለት።