ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጉልበት ለምን አሁንም ያማል?

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሴት ልጇ ነኝ፤ የማስታምማትም እኔ ነኝ። ቀኝ ጉልበቷ ተቀይሮላት ሕመሙ ስላልተዋት ድጋሚ ተከፍቶ ሌላ ተተካላት። አሁንም ሌሊት ያማታል፤ ጉልበቷ ሲዳሰስ ይሞቃል። ሲብስባት አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝተን እንሰጣታለን። ሻል ይላትና ይመለሳል። ወጌሻም አሽቷታል። ሶላት የምትሰግደው ወንበር ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያስከፋት እሱ ነው። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ይቀየርላት ተብሎ ቤተሰቡ ብር እያሰባሰበ ነው። ምን ትመክረናለህ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አላህ ያሽራቸው። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ለምን እንዳልያዘ ሳይታወቅ ሦስተኛውን እንዳታስደርጉ። ምክንያቱ ሳይለይ፣ ስላመመ ብቻ የሚቀየር ጉልበት ብዙ ጊዜ ውጤቱ አያምርም። የተተከለው አሮጌ ብረት በወጣ ቁጥር አጥንት አብሮት ይሄዳል። ጅማቱ ይላላል፣ ጠባሳው ይወፍራል። ቀጣዩ ሐኪም የሚሠራው በተረፈው ላይ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስጨነቀኝ አሞክሳሲሊኑ ነው። ሙቀቱና የሌሊቱ ሕመም ኢንፌክሽን ያስጠረጥራል። ባክቴሪያ ብረትና ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ፣ የቆየ ጀሪካን ውስጥ እንደሚይዘው ልጋግ ያለ ሽፋን ይሠራል፤ መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ ያለውን አያጠፋውም። ሻል ብሏቸው የሚመለሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሌላም ጣጣ አለው። ሐኪሙ ከጉልበታቸው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ላቦራቶሪ ሲልክ፣ ክኒኑ ባክቴሪያው እንዳያድግ ስለሚያደርገው ውጤቱ "ምንም የለም" ሊል ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት አንቲባዮቲክ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ቢቋረጥ ይመረጣል። ይህን ግን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩበት። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ኢንፌክሽን ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ የተተከለው በሙሉ ወጥቶ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ (ሐኪሞች ለአጥንት የሚጠቀሙበት ማጣበቂያ) ለጊዜው በቦታው ይገባል። ለሳምንታት መድኃኒት ይወሰዳል፤ አዲሱ ጉልበት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እና የምታሰባስቡት ብር ለአንድ ቀዶ ሕክምና ነው ወይስ ለሁለት? ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ከመቀመጫ ሲነሡ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ አሟቸው ከዚያ የሚተዋቸው ከሆነ፣ ብረቱ ከአጥንቱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናትና "ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል" የሚል ሰው እዚህ ብዙ እንሰማለን፤ እሱ ደግሞ የጅማት ሚዛን ችግር፣ ማለትም የጉልበቱ ጅማቶች እኩል አለመወጠር፣ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ላይ የሚሰማ ሕመም ከዳሌ ወይም ከወገብ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ዳሌያቸውንም እንዲያዩላቸው ጠይቁ።

የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትመጡ የድሮውንም የአሁኑንም ራጅ በተነሡበት ቀን ቅደም ተከተል ደርድራችሁ ያዙ። የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ በተለይ የተተከለው ብረት ዓይነትና መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ካሠሩበት ቦታ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ያ ወረቀት ከሌለ፣ ሐኪሙ ብረቱን ማውጫ መሣሪያ እንኳ ለማዘጋጀት ይቸገራል። ወጌሻው ግን ከዚህ በኋላ ይብቃ።

የሶላቱን ነገር በግልጽ ልንገርሽ። ቆንጆ ሆኖ የተሠራ ጉልበት እንኳ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እናትሽ ከሦስተኛው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ምንጣፍ ላይ መስገድን ከሆነ፣ ቢላ ከመነሣቱ በፊት ራሳቸው ለሐኪሙ ይንገሩት። እሱም የሚቻለውንና የማይቻለውን ፊት ለፊት ይንገራቸው።