የመብራቱ ምሰሶ ይቆጠራል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የላካችሁልኝ መልእክት አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው። ፎርም ልትሞሉ ወይም አካውንት ልትከፍቱ ስትሉ ብቅ እያለ «ሮቦት አይደለሁም» በሉ ስለሚላችሁ ሳጥን። ካፕቻ ይባላል። ሥራው ሰውን ከቦት መለየት ነው። ቦት ማለት ሰው ሳይነካው ፎርም የሚሞላ፣ አካውንት የሚከፍት ፕሮግራም ነው። ከድሬም ከሐረርም የጻፋችሁትን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምረጡ» ሲል ምሰሶውም ይቆጠራል ወይ? (ከሳቢያን)

ምሰሶውን ተዪው፣ መብራቱን ብቻ ንኪ። ካደናገረሽ ክብ ቀስቷን ነክተሽ ሌላ ሥዕል አስመጪ።

ከቀፊራ አንድ ነጋዴ፦ አንድ ፎርም ለመሙላት አምስት ጊዜ ሥዕል አስመረጠኝ፤ ችግሩ የኔ ስልክ ነው ወይ ይላል።

ስልክህ ምንም አልሆነም። በሞባይል ዳታ ስትገባ ብዙ ጊዜ ከማታውቃቸው በርካታ ሰዎች ጋር አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ትጋራለህ። አድራሻው ለሁሉም ስለማይዳረስ ኔትወርኮች እንዲህ ያደርጋሉ። ከነዚያ ሰዎች በአንዱ ስልክ ቦት ካለ፣ ዌብሳይቱ አድራሻውን በሙሉ ይጠረጥራል። ሌላው ባጠፋ አንተ ትጠየቃለህ ማለት ነው። ቪፒኤን (የራስህን አድራሻ ደብቆ በሌላ አድራሻ የሚያስገባህ አፕ) ከከፈትክ ደግሞ ይብሳል።

ሌላው ችግር ሥዕሎቹ ናቸው። ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ መንገድ ዳር የተተከለ አጭር የእሳት አደጋ የውሃ ቧንቧ። የተነሱት ሌላ አገር ነው። ቧንቧውን ቀፊራ ውስጥ የት ታየዋለህ? ባጃጅ ምረጡ ቢሉን ኖሮ የከዚራ ሕፃን አይሳሳትም ነበር።

ቪፒኤኑን ዝጋ። ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ እስኪመጣ ጠብቅ፣ ኔትወርክ ሲዘገይ ግማሹ ሳይታይህ ትነካለህ። ዋይፋይ ካገኘህ በእሱ ሞክር።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ የተጣመሙትን ፊደሎች ማንበብ አቃታቸው፤ መነጽር ልቀይርላቸው? (ከለገሃር አካባቢ)

ፊደሎቹ ሆን ተብሎ ነው የተጣመሙት። ዘዴው ከ1997 ጀምሮ አለ። ያኔ ማሽን ጠማማ ፊደል ማንበብ አይችልም ነበር፣ ሰው ይችላል። አሁን ተገልብጧል። ጉግል በ2014 የራሱ ፕሮግራም ከነዚህ ፊደሎች ከባድ የተባሉትን 99.8 በመቶ በትክክል እንዳነበበ ተናግሯል። በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን ፈትነው ሰዎቹ ከቦቶቹ የዘገዩና የበለጠ የሚሳሳቱ ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ አባትሽ በራሳቸው እንዳይፈርዱ ንገሪያቸው። ለማንኛውም ዓይን ሐኪም ይያቸው።

ከሐረር አንድ ተማሪ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። የትምህርት ዕድል ፎርም ልሞላ ሥዕል ምረጥ አለኝ። የድምፁን ስነካ ደግሞ ምንም አይሰማኝም። ምን ላድርግ?

ይህን ደብዳቤ በጽሑፍ ብቻ መመለስ አልሆነልኝም። ባለፈው ቅዳሜ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ሄድኩ። ፈረስ መጋላ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ልጁ ስልኩን ሲጠቀም አይቼው አላውቅም ነበር። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያለውን እያነበበለት በጣቱ ይሄዳል። ከኔ ይፈጥናል። ፎርሙን በሙሉ ሞልቶ ካፕቻው ላይ ደረሰ።

የጆሮ ማዳመጫዋን ምልክት ነካ። በእንግሊዝኛ የሚናገር ድምፅ መጣ። ከኋላው ጫጫታ ጨምረውበታል፣ ማሽን እንዳይሰማው ነው አሉ። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ስልኩን ሌላኛው ላይ ለጠፈ። ውጭ ባጃጁ ይጮሃል። የሰማውን ሊጽፍ ወደ መጻፊያው ሳጥን ሲሄድ፣ ስልኩ እንደ ልማዱ የሳጥኑን ስም ማንበብ ጀመረ። ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ፣ ቃሉ በመሃል ጠፋ። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ስልኩ አንድ መልእክት አነበበለት። ኔትወርክህ እንደ ማሽን ጥያቄ እየላከ ሊሆን ስለሚችል በኋላ ሞክር የሚል። «በቃ፣ ሮቦት ነህ አለኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በመጨረሻ እኔ ሥዕሉን መረጥኩለት። ሰባት ሰከንድ አልፈጀም። ግን ያንን ለማድረግ ስልኩን ከነመታወቂያ ቁጥሩ፣ ከነውጤቱ፣ ከነእናቱ ስም ለኔ መስጠት ነበረበት። ፎርም በሞላ ቁጥር እንዲህ ለአንድ ሰው ይሰጣል። አንዳንዱን ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም።

ይህ ሁሉ መከራ ቦትን ቢያስቆም ኖሮ ቢያንስ ምክንያት ነበረው። አያስቆምም። በ2017 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ የድምፅ ፈተና በነጻ በሚገኙ ንግግር ወደ ጽሑፍ በሚቀይሩ አገልግሎቶች ሞከሩት፤ 85 በመቶውን አለፉ። በ2024 የዙሪክ ኢቲኤች ተመራማሪዎች ደግሞ የሥዕሉን ፈተና 100 በመቶ የሚፈታ ፕሮግራም ሠሩ። ማሽኑ በሁለቱም በር ይገባል። ልጁ በአንዱም አይገባም።

ከሁሉ የቆረቆረኝን ልንገራችሁ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ በ2023 ጂፒቲ 4 የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሲያወጣ አንድ ሙከራ ይፋ አድርጎ ነበር። ሞካሪዎቹ ማሽኑ በኢንተርኔት ሰው ቀጥሮ ካፕቻ እንዲያስፈታ አደረጉት። የተቀጠረው ሰው ተጠራጥሮ ሮቦት ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ማሽኑ አይደለሁም፣ የማየት ችግር ስላለብኝ ሥዕሉን ለማየት ይከብደኛል ብሎ መለሰ። ሰውየው አመነውና ፈታለት። የማየት ችግር አለብኝ ብሎ የዋሸው ማሽን አለፈ። እውነተኛው ዓይነ ስውር ፈረስ መጋላ ላይ ጆሮውን ደፍኖ ቁጭ ብሏል።

ወንድሜ፣ ይህን የማስተካከል ግዴታ ያለበት ሌላ ሰው ነው፣ ግን ለአሁኑ ይህን ሞክር። የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀም፤ ድምፁን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስማና ከዚያ ወደ ሳጥኑ ሂድ። ካልሆነ ለፎርሙ ባለቤት ጻፍ፣ ቀኑ ሳያልፍ በኢሜይል ወይም በስልክ ተቀበሉኝ በል። የጻፍከውን ኮፒ ያዝ። ልመና እንዳይመስልህ። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዳብልዩ ስሪ ሲ ካፕቻ አካል ጉዳተኞችን ከበር እንደሚመልስ በ2005 ጽፎ አውጥቷል። የዩኒቨርሲቲህን የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ክፍልም ጨምርበት፤ ከአንድ ተማሪ ደብዳቤ ከነሱ የሚወጣ ደብዳቤ ይበልጥ ይሰማል።

ካፕቻ እየፈታሁ በዶላር ልከፈል የሚል ሥራ አገኘሁ፤ ልግባበት? (ከአዲስ ከተማ)

አትግቢ። ሥራው በእውነት አለ። በ2010 የወጣ የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው ክፍያው ለ1,000 ካፕቻ አንድ ዶላር፣ አንዳንዴም ግማሽ ዶላር ነበር። አስቢው። አንዱ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ 1,000ው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ ዓይንሽን አፍጥጠሽ። የምትከፍቺው በር ደግሞ ቦቱ ሊገባበት የፈለገውን ነው። መመዝገቢያ ክፈይ ካሉሽ ጭራሽ ሥራም የለም፣ ገንዘብሽን ነው የፈለጉት።

ፊልም ላወርድ ስል ካፕቻ መጣ። «ዊንዶውስና አርን ተጫን፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር» አለኝ፣ አደረግኩ። ምንም አልተፈጠረም፤ ችግር አለው?

አለው! ይህን መልስ አንብበህ ሳትጨርስ ኢንተርኔቱን ንቀል።

ያ ካፕቻ አልነበረም። ገጹ አንተ ሳታይ አንድ ትእዛዝ ኮፒ አድርጎ አስቀመጠልህ። ዊንዶውስና አር ትእዛዝ መቀበያውን ሳጥን ከፈተ፣ ኮንትሮልና ቪ ትእዛዙን ለጠፈ፣ ኢንተር አስነሳው። በገዛ እጅህ አስገባኸው። ከ2024 ወዲህ በጣም የተስፋፋ ማጭበርበር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ፕሮግራም ብሮውዘርህ ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶችን ጠርጎ ይልካል። ምንም ያልተፈጠረ የመሰለህ ለዚያ ነው፣ ሥራው ድምፅ የለውም።

በሌላ ሰው ንጹሕ ስልክ የኢሜይልህን፣ የቴሌግራምህን፣ የባንክህን ፓስወርድ ቀይር። በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ንካ። ባንክህን አሳውቅ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደሚያውቅ ባለሙያ ውሰድ፣ ዛሬውኑ። አንቲቫይረስ ጭኜበታለሁ ብለህ አትዘናጋ፤ ባለሙያው አጥፍቶ እንደገና ቢጭነው ይሻላል። አቦ፣ እባክህ ለነገ አታሳድረው።

ሌሎቻችሁም ያዙልኝ። እውነተኛ ካፕቻ ኪቦርድ ላይ እንዲህ ያሉ ቁልፎችን ተጫኑ አይልም። መቼም።

አንዷን ሳጥን ስነካ ብቻ ያሳልፈኛል። ከአንድ ንክኪ ሰው መሆኔን እንዴት አወቀ?

ንክኪዋን ብቻ አይደለም የሚያየው። ማውስህ እንዴት እንደሄደ፣ ብሮውዘርህ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የተቀመጠብህን ኩኪ (ዌብሳይት ብሮውዘርህ ላይ የሚተወውን ትንሽ ማስታወሻ) ያያል። በ2018 የወጣው የጉግል ካፕቻ ደግሞ ሳጥንም አያሳይም፣ በውስጥ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጥሃል። ኢንተርኔት ቤት የሚጠቀም ወይም ኩኪውን ሁሌ የሚያጠፋ ሰው የሚጉላላው ለዚህ ነው። ታሪክህን ነው የሚፈትሸው።

የድሬ ያገለገሉ ዕቃዎች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ለሚገባ ሰው «3+5 ስንት ነው» አስገብቻለሁ፣ ግን የቢትኮይን ማስታወቂያው አልቆመም።

3+5ን ማንኛውም ቦት ይመልሳል። ሲገቡ ከመፈተን፣ ከገቡ በኋላ የሚያደርጉትን ገድብ። አዲስ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ሊንክ መላክ አይችል። ስሎው ሞድ (አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይልክ የሚያዘገየውን) አብራ። ሁለት ሦስት የምታምናቸውን ልጆች አድሚን አድርግ።

መሥሪያ ቤታችን የኦንላይን ፎርም ሊያወጣ ነው፤ የቱን ካፕቻ እናድርግ? (ከድሬ፣ መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም)

ሥዕል የሚያስመርጠውን አታድርጉ። በድብቅ ሳጥን ጀምሩ። ፎርሙ ውስጥ ለሰው የማይታይ አንድ ባዶ ቦታ ይቀመጣል፣ ቦት ሁሉንም ስለሚሞላ እሱንም ይሞላዋል፣ በዚያ ይታወቃል። ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም እንዳያነበው አድርጎ እንዲሠራው ለባለሙያችሁ ንገሩት፣ ብዙዎች ይረሱታል። ከአንድ አድራሻ በሰዓት ስንት ፎርም እንደሚገባ ወስኑ፣ ገደቡን ግን አታጥብቁት፤ ለቀፊራው ነጋዴ የጻፍኩትን አስታውሱ። ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር ላይ ኮድ መላክም ይሠራል። ለሁሉም የሚደወልበት ቁጥርና ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይኑር።

ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ጠርታችሁ ብቻውን ሲሞላው ተመልከቱ። ሐረር ያለውን ልጅ ጠይቄዋለሁ፣ ቀን ከነገራችሁት ወደ ድሬ ይወርዳል። የትራንስፖርቱን ቻሉት።