እንጀራው ሻገተ፣ ድግሱ ተረፈ

ሰላም ናችሁ፣ ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄ ግማሹ ስለሚደፋ ምግብ ሆነብኝ፣ ሰርጉም ፆሙም አንድ ላይ ስለመጣ መሰለኝ። ሶስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ እንዴት ነሽ፣ ቤት ውስጥ አራት ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ 30 እንጀራ እጋግራለሁ፣ ረቡዕ ሲደርስ ከታች ያሉት አረንጓዴ ጣል ጣል ይልባቸዋል። የሻገተውን ቆርጬ ሌላውን ብንበላው ምን አለው? ለባለቤቴ ስነግረው ደግሞ «ምግብ የሚደፋው ሆቴል ነው፣ የኛ ምን አላት» ይለኛል። (ከሳሪስ)

መልስ፦ ከባልሽ ልጀምር። ሆቴልም ይደፋል እውነት ነው፣ ግን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 ዓለም ላይ ከተጣለው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው የወጣው ከሰው ቤት ነው። እና የሆቴሉን ትቶ ወደ ሞሶቡ ይምጣ በይልኝ።

ሻጋታውን ቆርጠሽ አትብይው። እንጀራ ለስላሳ ነው፣ ዓይኑም ብዙ ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይሽ ላይ ላዩ ብቻ ነው እንጂ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል፣ ፍርፍር አርጌ ባበስለውስ እንዳትይ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ለላምም አይሰጥም፣ አፍላቶክሲን የሚባለው በወተቱ ዞሮ ይመጣብሻል። ጓሮ ካለሽ ከልጣጭ ጋር ቅበሪው፣ ማዳበሪያ ይሆናል።

እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፣ እንጀራው ከነትኩሱ ሞሶብ ውስጥ እየደረደርኩ ክዳኑን እገጥማለሁ፣ አንድ ቀን ማታ ከፍቼ ሳይ ክዳኑ ከውስጥ አልቦታል፣ ጠብታው ተመልሶ እንጀራው ላይ ይወርዳል። በቃ ሻጋታው የሚፈልገው እሱን ነው። አሁን እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ በደንብ ሳላበርድ አልደራርብም። ሞሶቡም ራሱ መታየት አለበት፣ ያለፈው ሳምንት ፍርፋሪ ስንጥቁ ውስጥ ከቀረ አዲሱን ያስይዛል፣ ስለዚህ ባዶ ሲሆን አራግፈሽ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ ፀሐይ አስመቺው።

ዋናው ግን ቁጥሩ ነው። 30 ለምን? እናቶቻችን 30 የሚጋግሩት ዘመድ አዝማዱ ቤት ስለሚውል ነበር፣ እናንተ አራት ናችሁ። አንድ ሳምንት ስንት እንዳለቀ ቁጠሪና በዛ ልክ ጋግሪ፣ አለዚያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሁለት ጊዜ ከፍዬ ልጋግር ካልሽ ጥሩ ነው፣ ምጣዱን ሁለቴ ማጋል መብራት እንደሚበላ ግን እወቂው። በሶስተኛው ቀን የማያልቅ መሆኑን ካየሽ ሳይሻግት ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ በስስ ነጠላ ሸፍነሽ፣ በእጅሽ ስትሰብሪው ቀጭ ካለ ድርቆሽ ሆኗል፣ ከዛ በኋላ ወራት ይቆይልሻል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ሰርግ እሁድ ነው፣ ማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። በእህቴ ሰርግ ጊዜ ሁለት ጎላ ዶሮ ወጥ ደፍተናል፣ እናቴ አሁንም «አነሰ ከምንባል ይትረፈን» እያለች ለተጠራው ሰው እጥፍ ልታሰራ ነው። ምን ይሻላል? (ከኮተቤ)

መልስ፦ እማማ ፈርተው ነው፣ አይፈረድባቸውም፣ አነሰ የተባለ ድግስ አስር ዓመት ይወራል። ስለዚህ «ቀንሺ» አትበላት፣ «ስጋውን በሙሉ አሁን አናሰራው» በላት። የተሰራ ወጥ ከተረፈ 55 ቀን የሚነካው የለም፣ ጥሬው ስጋ ከተረፈ ግን ዘልዝላችሁ ጨው በርበሬ አርጋችሁ ብትሰቅሉት ቋንጣ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል። ቡፌው ላይም ሁሉንም አታውጡ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ሙሉ። የሰው እጅና ማንኪያ ያልገባበት ድስት ብቻ ነው ለሌላ የሚሰጠው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ ተቀባዩም ፆመኛ ነው! ማታ 3 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ተሸክማችሁ ቤተክርስቲያን በር ብትሄዱ ማን ይበላዋል፣ ሌሊቱ ሲነጋ ፆም ነው። መስጠት ካሰባችሁ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ መውጣት አለበት፣ እንደ መቄዶንያ ያለ ማዕከልም ከሆነ የበሰለ ምግብ ይቀበሉ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቀበሉ ከሰርጉ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ከድስቱ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ የተቀመጠ ስጋና ክትፎ ለማንም አይሰጥም፣ ለራሳችሁ የማትበሉትን ለደሃ ማለት ደስ አይልም። ሽሮውና ምስሩ ቅቤ ካልገባበት ፍሪጅ ያሳድርላችኋል፣ ሰኞ እናንተው ትበሉታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ከሀበሻ ሱቅ የምገዛው እንጀራ ግማሹ ሁሌ ይበላሽብኛል። እቤት መጋገር ልጀምር?

መልስ፦ ኧረ አትልፊ። እንደገዛሽው በዛው ቀን ሁለት ሁለቱን አጥፈሽ ለየብቻ ላስቲክ ውስጥ ከተሽ ፍሪዘር አስገቢ፣ አራተኛው ቀን ድረስ አትጠብቂ። ስትፈልጊ አንዱን እሽግ ብቻ አውጪ፣ እርጥብ ሶፍት አልብሰሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ ትንሽ ሰከንድ ይበቃዋል፣ ካበዛሽው ጫማ ነው የሚሆነው።