አሮጌው ዴስክቶፕ ይሻላል ወይስ አዲሱ ላፕቶፕ? ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ያገለገለ ዴስክቶፕና አዲስ ላፕቶፕ በፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ክፍል) እየተነጻጸሩ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ በመሆኑ የማውቀውን ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ።

«የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አጎቴ ኮር አይ7 2600 ያለበት ዴስክቶፕ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ አይ5 1235ዩ ላፕቶፕ ልግዛልህ ይላል። የአጎቴ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ የላፕቶፑ ግን 1.3 ይላል። የአባቴ ገንዘብ እንዳይባክን ፈራሁ።»

ወንድሜ፣ አይባክንም። አይ5ም አይ7ም የኢንቴል ኩባንያ የፕሮሰሰር ስሞች ናቸው። 1.3 የሚለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ በ15 ዋት ተወስኖ ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚይዘው መነሻ ፍጥነት ነው። ሥራ ሲመጣበት ጠንካራ ኮሮቹ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ትእዛዝ እንደሚፈጽም አይነግረንም። ሁለት በቅሎዎች እኩል ቢራመዱም ጭነታቸው እኩል ላይሆን ይችላል። የአጎትህ ፕሮሰሰር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ነው፤ የላፕቶፑ በ2022። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ትእዛዝ የሚተረጉመው ክፍል ሰፋ፤ በአንድ ምት 4 ትእዛዝ ይቀበል የነበረው በአዲሱ ጠንካራ ኮር ላይ 6 ይቀበላል። ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወደየት እንደሚያመራ አስቀድሞ የመገመት ችሎታውም ተሻሻለ። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማኅደረ ትውስታ (ካሽ) ከ8 ወደ 12 ሜጋባይት አደገ። የድሮው ከራም (ሥራ ላይ ያለው ነገር ለጊዜው ከሚቀመጥበት ማኅደር) ጋር በሰከንድ 21 ጊጋባይት ያህል ይለዋወጣል፤ አዲሱ ሁለት ዲዲአር4 3200 ራም ሲገባለት 51 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲደመር አንዱ የላፕቶፕ ጠንካራ ኮር የአጎትህን አንድ ኮር እጥፍ ያህል ይሠራል። አንተ በየቀኑ የምትከፍተው አውቶካድ ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሚያከናውነው በአንድ ኮር ላይ ስለሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታይሃል።

«10 ኮር አለው» ሲሉህ ግን 10 እኩል ጉልበት አድርገህ አትቁጠረው። ጠንካሮቹ 2 ናቸው፤ 8ቱ ኃይል ቆጣቢ ትንንሽ ኮሮች ናቸው። ሁሉም ኮሮች አብረው ለረጅም ጊዜ በሚደክሙበት ሥራ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ስትገዛ ራሙ በሁለት ቦታ ተከፍሎ የገባ መሆኑን ጠይቅ። አንድ ብቻ ከሆነ ያ 51 ጊጋባይት በግማሽ ይቀንሳል። የአጎትህንም ስጦታ እምቢ አትበል፤ ለታናናሾችህ ብዙ ያገለግላል።

«አይ7 ሁልጊዜ ከአይ5 አይበልጥም?»

በአንድ ትውልድና በአንድ ዓይነት ውስጥ ይበልጣል፤ ከዚያ ውጭ ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አይ7 7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ በዓመቱ የመጣው አይ5 8250ዩ አራት አለው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ «አይ7 ነው» ብሎ ካቆመ ሙሉ ቁጥሩን አሳየኝ በሉት። የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ትውልዱን ይናገራሉ፦ 7500 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ፣ 1235 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ነው። ይህን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል ያሳዝነኛል።

«ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግ ቪዲዮ በአዲሱ 1235ዩ ላፕቶፕ ሳቀናብር መጀመሪያ ይፈጥናል፤ ቆየት ሲል ይደክማል። አሮጌው አይ7 4770 ዴስክቶፕ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። ላፕቶፑ ተበላሽቶ ይሆን?»

ብልሽት ላይሆን ይችላል፣ ጋሼ፤ የሙቀት ጉዳይ ነው። ያ ፕሮሰሰር ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ሰውነቱ ሲግል ግን ራሱን ለመጠበቅ ወደ 15 ዋት፣ ወይም የላፕቶፑ አምራች ወደ ወሰነው ልክ ይወርዳል። ዴስክቶፕዎ ትልቅ ማቀዝቀዣና ሰፊ ሳጥን ስላለው 84 ዋቱን ቀኑን ሙሉ ይዞ መዝለቅ ይችላል።

የከተማችንም ከፍታ ድርሻ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የአየራችን ቀዝቃዛነት የተወሰነውን ያካክሳል፤ የበጋው አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ግን ያ ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፑን በፍራሽ ወይም በጨርቅ ላይ አያስቀምጡት፤ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ማራገቢያውን ያስጠርጉ፤ ቆየት ያለ ከሆነም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት እንዲቀየር ይጠይቁ።

ዴስክቶፑ ሁሉንም ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። ብዙ አዳዲስ ስልኮች የሚቀርጹት ኤችኢቪሲ በተባለ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ነው፤ 4770 ለዚህ የተዘጋጀ ልዩ ክፍል የለውም፤ ላፕቶፑ አለው። የማቀናበሪያ ፕሮግራምዎ ውስጥ ይህን ክፍል እንዲጠቀም የሚያዝ ምርጫ አለ፤ ያብሩት። እኔ ብሆን ቁርጥና ቅንብሩን በላፕቶፑ እሠራለሁ፤ በፕሮሰሰር ብቻ የሚሠራ ረጅም ሥራ ሲኖር ለዴስክቶፑ እተወዋለሁ።

«አዘዞ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አይ5 2400 ዴስክቶፔ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ላፕቶፕ ልግዛ?»

አይግዙ፣ እህቴ። ደብዳቤ ለመጻፍና ለማተም ያ ፕሮሰሰር ይበቃል። የሚያዘገየው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ያስቀይሩት፤ ራሙም 4 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 8 ያሳድጉት። ከተረፈዎት ገንዘብ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዙ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪው ሥራውን ይቀጥላል፤ ዴስክቶፕ ግን ያልተቀመጠውን የደንበኛ ጽሑፍ ይዞ ይጠፋል። ዩፒኤስ የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ጽሑፉን አስቀምጦ ለመዝጋት በቂ ነው።

«አሮጌው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል?»

በመደበኛው መንገድ አይቀበልም። ማይክሮሶፍት የሚጠይቀው ከጥቂቶች በስተቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጣ የኢንቴል ፕሮሰሰርን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያዎችን ጨምሮ) ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውና በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ጥሩ መጠለያ ነው።

«መምህር ነኝ። ኤን100 የሚባል ፕሮሰሰር ያለበት ርካሽ ላፕቶፕ አየሁ። ስሙን ሰምቼ አላውቅም፤ ይታመናል?»

ለእርስዎ ሥራ ይታመናል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ የተመደበለት 6 ዋት ነው። በ95 ዋት ከሚሠራው አይ7 2600 ጋር በአጠቃላይ ጉልበቱ ይቀራረባል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጣውን ለውጥ ለተማሪዎችዎ ማስረዳት ቢፈልጉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ውጤት ለመመዝገብ፣ ፈተና ለማውጣት፣ የትምህርት ቪዲዮ ለማሳየት ያለ ችግር ያገለግላል። ከባድ ቅንብርና ሥዕላዊ ንድፍ አይጠይቁት። 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ይተዉት፤ በብዙዎቹ ላይ ራሙ ከዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም።

«ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር አይቻልም?»

በላፕቶፕ አይቻልም ማለት ይቀላል፤ በዛሬዎቹ ላይ ከሰሌዳው ጋር ተበይዷል። በዴስክቶፕ ግን ይቻላል። አይ3 2100 ካለህ በዚያው ሶኬት (ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ) ላይ ያገለገለ አይ7 2600 ማስገባት ትችላለህ። አስቀድመህ የሰሌዳውን ሞዴል ይዘህ እንደሚቀበለው አረጋግጥ። ከ65 ዋት ወደ 95 ስለምትሄድ ማቀዝቀዣውንም አብረህ ቀይር።