ለክሬቨን ዊክ ያልተመረጠው ልጅ፦ ራግቢ ወይስ አካውንቲንግ?

ደብዳቤው የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ጸሐፊው የ18 ዓመት ልጅ ነው። ሆሳዕና ተወልዶ በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ወደ አባቱ ሄደ። አባቱ ከኢስት ለንደን ከተማ ወጣ ብሎ ምዳንትሳኔ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ልጁ በትምህርት ቤቱ አንደኛ ቡድን ፍላንከር (ተጋጣሚን እየጣለ ኳስ የሚነጥቅ ተጫዋች) ሆኖ ራግቢ ይጫወታል። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ተፈታኝ ነው። ለክሬቨን ዊክ የሚሄደው የክፍለ ሀገሩ የወጣቶች ቡድን ተጫዋች ሲመርጥ «ቁመትህ ያጥራል» ተብሎ ቀረ። አባቱ «በቃ፤ ወይ አካውንቲንግ ተማር ወይ ሱቁን ያዝ» ብለውታል። አንድ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከከፈለው ኬፕታውን የሙከራ ዕድል እንደሚያመቻችለት ነግሮታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «አበቃልኝ ወይ?»

ወንድሜ፣ አላበቃልህም። ግን ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ከጓደኞችህ መንገድ ይረዝማል። በዚያ መንገድ ላይ የሚያቆይህ ደግሞ አባትህ የጠሉልህ ራግቢ ሳይሆን የመከሩህ አካውንቲንግ ሊሆን ይችላል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አንተም የለመድከው እሱን ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል ክሬቨን ዊክን በሁለት ቃል ላስተዋውቅ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ የየክፍለ ሀገሩ ምርጦች በየዓመቱ የሚገናኙበት የትምህርት ቤቶች ውድድር ነው። በ1964 የተጀመረውም አንተ ባለህበት ከተማ፣ ኢስት ለንደን ላይ ነው። የትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮች እዚያ ተሰብስበው ይመለከታሉ፤ ብዙ ውልም ከዚያ ይወጣል። ስለዚህ መቅረትህ ቢያምህ አልፈርድብህም።

የተለመደው መንገድ የሲያ ኮሊሲ ነው። ፖርት ኤልዛቤት አጠገብ በምትገኘው ዝዊዴ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። 12 ዓመቱ ገደማ ሞሰል ቤይ በተደረገ የልጆች ውድድር ላይ ታየ። የስፖርት ቁምጣ ስላልነበረው በውስጥ ሱሪ ነበር የተጫወተው። በነጻ ትምህርት ዕድል በራግቢ ወደታወቀው ግሬይ ትምህርት ቤት ገባ፣ ክሬቨን ዊክ ላይ ተሰለፈ፣ ከዚያም ኬፕታውን ሄዶ የዚያው ቡድን የዌስተርን ፕሮቪንስ ልጅ ሆነ። በሰኔ 2013 ለብሔራዊ ቡድኑ ለስፕሪንግቦክስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ 22 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ድንቅ ታሪክ ነው። ለአንተ ግን ብዙ አይጠቅምህም፤ ምክንያቱም እሱን በ12 ዓመቱ ያየው ሰው ነበረ። አንተን በ18ም ያየህ የለም።

አንተ ልብ ብለህ ልታየው የሚገባህ ሰው የጎረቤትህ ልጅ ነው። ማካዞሌ ማፒምፒ።

ማፒምፒ በ1990 የተወለደው ጾሎምንቃ በምትባል ገጠር ነው። ከኢስት ለንደን ሩቅ አይደለችም። የተማረው መልማዮች በማይደርሱበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። እናቱን፣ እህቱንና ወንድሙን በሞት አጥቷል። የግሬይ ዓይነት ትምህርት ቤት አልጠራውም፤ ክሬቨን ዊክም አልሄደም። ኮሊሲ ለስፕሪንግቦክስ በተሰለፈበት በ2013 ማፒምፒ በዕድሜ ይበልጠው ነበር፤ ሆኖም ከሠፈር ክለብ ራግቢ ገና አልወጣም ነበር። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ቦርደር የወሰደው በ2014 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ የግሬይና የመሰሎቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሁለተኛ ውላቸውን ይፈርማሉ።

ቦርደር ትልቅ ቡድን አይደለም፤ ይህን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ማፒምፒ እዚያ እስከ 2016 ቆየ። ቀጥሎ የሆነውን ግን እንደ ሙያ አማካሪ ሳየው በጣም ደስ ይለኛል። በ2017 ሳውዘርን ኪንግስ ገባ። ኪንግስ በዚያን ጊዜ ማንም የማይመኘው ቡድን ነበር። ከጀርባው ያለው የኢስተርን ፕሮቪንስ ማኅበር ለተጫዋቾቹ ደመወዝ መክፈል አቅቶት ነበር፤ ስም ያላቸው ተጫዋቾች እየጣሉት ሄደዋል። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ገብቶ ነው ቡድኑን ያቆመው። የተለያዩ አገሮች ቡድኖች ለሚገናኙበት ትልቅ ውድድር፣ ለሱፐር ራግቢ፣ ሲሰለፍ ብዙ ሰው የሽንፈት መዝገብ ይጠብቅ ነበር።

ማፒምፒ ግን በዚያ ቡድን በየሳምንቱ ተሰለፈ። በክንፍ እየሮጠ በአንድ የውድድር ዘመን 11 ትራይ አስቆጠረ። ትራይ ማለት ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው። ያኔ አገሩ በሙሉ «ይሄ ማነው?» አለ። ከዚያ ወደ ብሉምፎንቴኑ ቺታስ፣ ቀጥሎ ወደ ደርባኑ ሻርክስ ሄደ። በሰኔ 2018 ዋሽንግተን ላይ ዌልስን በገጠመው ስፕሪንግቦክስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። 27 ዓመቱ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2019 ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 ሲያሸንፉ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ትራይ ያስቆጠረ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ሆነ። የ1995ቱም የ2007ቱም ፍጻሜ ለደቡብ አፍሪካ የተገኘው በምት ነጥብ ብቻ ነበር።

ይህን ስነግርህ «አንተም ማፒምፒ ትሆናለህ» እያልኩህ አይደለም። እንዲህ ብዬ ብጽፍልህ አታላይ ነኝ። እንደሱ በሠፈር ክለብ የተጫወቱ፣ ማንም ሳያያቸው ዕድሜያቸው ያለፈ ጎበዞች ሞልተዋል። ከታሪኩ እንድትወስድ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በየሳምንቱ የሚያሰልፍህ ቡድን ፈልግ። ትልቅ ቡድን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ የለም። ደካማ ቡድን ውስጥ በየቅዳሜው 80 ደቂቃ የሚጫወት ፍላንከር በዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሌላም ፊት አለው። ኪንግስ በዚያው በ2017 የውድድር ዘመን መጨረሻ ከሱፐር ራግቢ ተቆረጠ። በ2020 ጨርሶ ፈረሰ። ያ ቡድን ለማፒምፒ በር ከፈተለት፤ ለሌሎች ደግሞ እንጀራቸው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ጉዳት ሳይጨመርበት ነው ይህ። አባትህን ያስፈራቸው ይህ ይመስለኛል፤ በዝርዝር ባያውቁትም ሽታው ደርሷቸዋል። ለዚህ ነው አካውንቲንጉን አትጣለው የምልህ።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ ግን በትምህርቱ ብቻ አትምረጥ። ከ2008 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ ቫርሲቲ ካፕ፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ከሥሩም ሁለተኛ ደረጃ ውድድር አለ። መልማዮች ዛሬ ያንንም ይከታተላሉ። አንተ አጠገብ ፎርት ሄር አለ፤ ትንሽ ራቅ ስትል ኬቤራ (የቀድሞዋ ፖርት ኤልዛቤት) ላይ ኔልሰን ማንዴላ ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም ቡድን አላቸው። ከማመልከትህ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ አካውንቲንግ የሚሰጠው በየትኛው ግቢ ነው? ቡድኑ የሚለማመደው በየትኛው ግቢ ነው? ሁለቱ በተለያየ ከተማ ከሆኑ ዓመትህን ታክሲ ላይ ትጨርሳለህ።

የዩኒቨርሲቲው አንደኛ ቡድን ካልወሰደህ በተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃዎች ውድድር ተጫወት። አትናቀው። ከአንተው ክፍለ ሀገር፣ ከምሥራቅ ኬፕ የሄደው አፊዌ ዲያንቲ በትምህርት ቤት ዘመኑ ኮከብ አልነበረም። ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዚሁ በሕንፃዎች ውድድር ሲጫወት ነው መንገድ የጀመረው። በ2018 ስፕሪንግቦክስ ገባ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ራግቢ ማኅበር የዓመቱ አዲስ ኮከብ ብሎ ሸለመው።

የዲያንቲን ታሪክ ግን እዚህ ላይ ልቆርጠው አልችልም። በ2019 በተደረገለት ምርመራ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ተገኙበት። አውቄ አልወሰድኩም አለ። ቅጣቱ ግን አራት ዓመት ሆነ፤ የተመለሰው በ2023 ነው። የሩጫው ምርጥ ዓመታት አለፉት። ደንቡ ጨካኝ ነው፦ ሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ማንም ይስጥህ ማን። «ቁመትህ ያጥራል» የተባለ ልጅ ጂም ውስጥ ዱቄትና ኪኒን የሚያቀብለው ሰው አያጣም። እምቢ በል። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ሥጋና እንቅልፍ ይበቁሃል።

ስለ ቁመትህ። ዴዎን ፎሪ የሚባለውን ተጫዋች ጨዋታዎች ፈልገህ እይ። ለፍላንከር አጭር ነው። ዕድሜውን በሙሉ በፍላንከርና በሁከር መካከል ሲመላለስ ኖረ፤ ፈረንሳይም ለዓመታት ሠራ። ስፕሪንግቦክስ የጠራው በ2022 በ35 ዓመቱ ነው፤ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ የጀመረ አልነበረም። በ2023 ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋናው ሁከር ገና ጨዋታው እንደተጀመረ ተጎዳ። የቀረውን ጨዋታ ሁከር ሆኖ የተጫወተው ፎሪ ነው። ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፉ።

አሠልጣኝህን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ «ሁከር ሆኜ ልሞክር?» ሁከር ስክረሙ (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት) መሀል የሚቆም፣ ኳስ ከጎን መስመር ወርውሮ የሚያስገባ ነው። ቁመት እንደ ፍላንከር አይፈልግም። ውርወራው ግን ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ነው። ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለህ፤ ከሱቁ ጀርባ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርግና ወርውር።

ስለዚያ ሰውዬ አጭር መልስ አለኝ። አንድም ራንድ አትስጠው። ደህና ወኪል ክፍያውን የሚያገኘው ከምትፈርመው ውል ላይ እንጂ ከአባትህ ኪስ አይደለም። ወኪሎች በፌዴሬሽኑ ዕውቅና ያገኙ መሆን አለባቸው፤ ስሙን ወስደህ ፌዴሬሽኑን ጠይቅ። ከተናደደብህ መልስህን አግኝተሃል።

ያልጠየቅኸኝ ግን የግድ ማንሳት ያለብኝ ነገር ወረቀትህ ነው። ቴንዳይ ምታዋሪራ ሐራሬ ተወልዶ በወጣትነቱ ደርባን ሻርክስ ገባ። ከስክረሙ ኋላ መስመር አንስተው የፊት መስመር ተጫዋች፣ ፕሮፕ አደረጉት፤ በ2008 ስፕሪንግቦክስ ሆነ፤ በኋላም 117 ጊዜ ተሰልፏል። ሆኖም በ2010 የዚምባብዌ ፓስፖርት ይዞ ለደቡብ አፍሪካ መጫወቱ የመንግሥት ጥያቄ ሆነ። ዜግነት አግኝቶ ነው የተገላገለው። የታወቀ ሰው ስለነበር ብዙ ተሟጋች ነበረው። አንተ ገና ተሟጋች የለህም። በዓለም ራግቢ ደንብ አምስት ዓመት በተከታታይ የኖረ ሰው ለዚያ አገር መሰለፍ ይችላል፤ አንተ 11 ዓመት ኖረሃል። ስለዚህ ራግቢው አይከለክልህም። ዩኒቨርሲቲው ግን ሲመዘግብህ የጸና የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቃል። የቤተሰባችሁ ወረቀት መቼ እንደሚያበቃ ዛሬውኑ ከአባትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩ። የሚታደስ ካለ ፈተናው እስኪያልቅ አትጠብቁ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ጊዜ ማማከር ለዚያ ሰውዬ ከመክፈል ይሻላል።

አሁን ወደ አባትህ። ራግቢን የነጮች ጨዋታ አድርገው ካዩት አልፈርድባቸውም፤ ከውጭ የመጣ ሰው እንዲያ ነው የሚነገረው። ነገር ግን በምሥራቅ ኬፕ የአካባቢው ሕዝብ ኮሳዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጫወቱት ኖረዋል። ደንበኞቻቸው ራሳቸው ሊነግሯቸው ይችላሉ። አንድ ቅዳሜ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሜዳ ዳር ቆመው ሲጮኹ ቢያዩ ሐሳባቸው ይለሳለስ ይሆናል። ችግሩ ቅዳሜ የሱቁም የገበያ ቀን መሆኑ ነው። እንግዲህ ባዶ እጅህን አትሂድባቸው። «ቅዳሜ ከሰዓት ልቀቁኝ፣ እኔ ደግሞ የሱቁን ሒሳብና የዕቃ ቆጠራ በየሳምንቱ ማታ ማታ እሠራለሁ» በላቸው። አካውንቲንግ ልማር ካልክ ልምምዱ እዚያው ቤትህ አለ።

ጊዜም ወስንላቸው። ዲግሪህን እስክትጨርስ በል። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው አንደኛ ቡድን ውስጥ ከሆንክ ወይም ቦርደር ለልምምድ ከጠራህ ሌላ ሁለት ዓመት ትጠይቃለህ። ካልሆነ ራግቢ የቅዳሜ ፍቅርህ ሆኖ ይቀጥላል፣ ሥራህ ሌላ ይሆናል። በአንድ ዓመት ሁለት ትምህርት ከወደቅክ ግን ለዚያ ወቅት ጫማውን ራስህ ታስቀምጣለህ። ይህን ሁሉ በአንደበትህ ስትነግራቸው ከቤት የሚሸሽ ልጅ እንዳልሆንክ ያያሉ።

እስከ ፈተናው ድረስ የክለብ ነገር አታስብ፤ አጥና። ክለቦች ልምምድ የሚጀምሩት በዓመቱ መጀመሪያ ነው። ሁለት ሦስት ክለብ ሂድና የአንደኛ ቡድኑ ሁከር ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከኋላውም ማን እንዳለ ጠይቅ። የማትሪክ ውጤትህ ሲወጣ ጻፍልኝ፤ የተቀበሉህን ዩኒቨርሲቲዎችና ቡድኖቹ የሚለማመዱበትን ግቢ አብረህ ላክልኝ፤ ምርጫውን አብረን እናየዋለን።