በሆስፒታል ግቢ ሲጋራ ለማስቀረት ለተነሳችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። የምትሠራበት ሆስፒታል ግቢውን ከትምባሆ ጭስ ነፃ ለማድረግ ኮሚቴ አቋቁሟል። ደንቡን እንድታረቅቅ የተመደበችው እሷ ናት። ብዙውን ጽፋ ጨርሳለች። የቀራት የቅጣቱ አንቀጽ ነው።

"ሲስተር፣ ሲያጨስ የተያዘ በሽተኛ ምን ይደረግ? ሁለተኛ ከተያዘ ይውጣ የሚል ሐሳብ አለ" አለችኝ።

ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም። "ይውጣ" የሚለውን ስሰማ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ሁሉ ልጽፍ ወሰንኩ።

ነገሩ በ1980ዎቹ ነው። እኔ ቀዶ ጥገና ዋርድ ውስጥ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ሰውየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የአሰብን መንገድ ነበር የሚመላለሰው። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የቀኝ እግሩ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ስኳር የለበትም፣ ልቡም ደህና ነው። ሌሊት ሌሊት እግሩን ከአልጋው ቁልቁል አንጠልጥሎ ያድር ነበር። ወደ ታች ሲያደርገው ደም ትንሽ ስለሚወርድለት ህመሙ ቀለል ይልለታል። ጋደም ካለ ግን ይጮሃል።

የበርገር በሽታ ይባላል። የእጅና የእግር የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ደም ይረጋባቸዋል፣ ይደፈናሉ። በአብዛኛው የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። ደግሞ የሚያዙት ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ትምባሆ ተጠቃሚዎች ናቸው። ትምባሆውን ጨርሶ የተወ ሰው እግሩን የማትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው። በቀን አንድ ሁለት የሚያጨስ ሰው ግን በሽታው አይለቀውም። ከጣት ይጀምራል፣ ወደ እግር ይወጣል፣ አንዳንዴም ወደ እጅ ይዞራል።

ሐኪሙ በራውንድ ላይ ይህንኑ ነገሩት። "ካላቆምክ እግርህን እንቆርጠዋለን" አሉት። እውነታቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ይዤ ስሄድ ሹፌሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

"ሲስተርዬ፣ እሳቸውም ያጨሳሉ አይደል? ጋውናቸው ይሸታል።"

ምን ልበለው? ያጨሱ ነበር። በዚያ ጊዜ በሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ልጆች አሉ። ሜትሮናችን፣ የነርሶች አለቃችን፣ በጣም ጥብቅ ሴት ነበሩ። ጥፍራችንን ያያሉ፣ የአንሶላውን ጥግ አጣጣፍ ያያሉ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ የመጣችን ከበር ይመልሳሉ። ያን መተርኮሻ ግን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይደፉት ነበር። ለጽዳት ሠራተኞች አይተዉትም። አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ፊታቸው ግን ይበቃል። እኚያን ሴት ሳስታውስ ብዙ የተማርኩት ከዝምታቸው ነው እላለሁ። ሆኖም በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ባይሉ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ሹፌሩ ሲጋራውን የሚያገኘው ከረዳቱ ነው። ልጁ ኒያላ በፍሬ ገዝቶ፣ በሳሙና ወረቀት ጠቅልሎ ያመጣለታል። አዝሎ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ይወስደዋል፣ አዝሎ ይመልሰዋል። አንድ ጊዜ ጥበቃ ያዛቸው። ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። ሁለተኛም ያዛቸው። በማግስቱ ጠዋት የማስወጫ ወረቀቱ ተሞላ። "ሕክምናውን አይተባበርም" የሚል ተጻፈበት። ሹፌሩ ደብዳቤውን በኪሱ አድርጎ፣ በረዳቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ከበሩ ወጣ።

የተመለሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሌሊት ዲዩቲ ነበርኩ። እንቅልፍ አልወሰደውም። ብዙ አወራን። ስለ መንገዱ አወራኝ፣ ስለ አፋር ሙቀት፣ ሌሊት በጫትና በሲጋራ ዓይንን ገልጦ ስለማደር። ከዚያ አንድ ነገር አለኝ። "ሁሉም ሰው ተው አለኝ። ስተወው ምን እንደሚያደርገኝ የጠየቀኝ ግን የለም።"

እኔ ጠየቅኩት። ሁሉን ነገረኝ። ጠዋት ሳያጨስ ከዋለ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ላብ ላብ ይለዋል። የሰው ድምፅ ያስጠላዋል። ረዳቱን ያለ ጥፋቱ ይሰድበዋል፣ ከዚያ ያለቅሳል። የእግሩ ህመም ደግሞ እጥፍ ይሆንበታል። የሌሊቱን ህመም የሚያስታግስ በቂ መድኃኒት አላገኘም ነበር። ሲጋራው ነበር ማስታገሻው፤ እሱን እየበላው ያለ ማስታገሻ።

ከዋርዱ ከወጣ በኋላ አላየሁትም። ያቺ የተቆረጠችው እግሩ ግን ከሐሳቤ አልጠፋችም። በሰዓቱ አንድ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ጥያቄ ቢጠይቀው፣ የሌሊት ህመሙንም ቢያክመው፣ ሁለት ጣት አጥቶ ሊቀር ይችል ነበር። ይቆጨኛል።

እንግዲህ ለልጄ ጥያቄ መልሴ ይኸው። በሽተኛን ማስወጣት የሚል ነገር ደንባችሁ ውስጥ አይግባ። በዚያ አንቀጽ ቦታ "ሲያጨስ የተገኘ ተኝቶ ታካሚ በዕለቱ የሱስ ግምገማና ሕክምና ያገኛል" ብላችሁ ጻፉ። በማግስቱ አይደለም፣ በዕለቱ።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሕዝብ በሚገለገልበትና በሥራ ቦታ ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር ባልራቀ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። ጥሩ አዋጅ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን ስምምነቱ ጭስን ብቻ አይደለም የሚያነሳው። አንቀጽ 14 ሰዎች እንዲያቆሙ መርዳትን ግዴታ ያደርጋል። ብዙ ሆስፒታል ክልከላውን ይዞ እርዳታውን ትቶታል። ማስታወቂያ መለጠፍ ቀላል ነው። ግንቦት 23፣ ትምባሆ የማይጨስበት የዓለም ቀን፣ ሲደርስ ቲሸርት ለብሳችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ በማግስቱ ባነሩ ይጠቀለላል። ይህ ያሳዝነኛል። የዛሬ ልጆች ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። መረጃው በእጃችሁ ነው። ታዲያ ቻርቱን ታያላችሁ፣ ስልካችሁን ታያላችሁ፣ የበሽተኛውን ፊት ሳታዩ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋላችሁ።

"በእኛ አገር አጫሽ ጥቂት ነው" የሚለኝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 አዋቂ 5 ገደማ ነው። እውነት ነው፣ ጥቂት ነው። ግን እነዚያ አምስቱ የት ነው የሚተኙት? ሳንባ ነቀርሳ ክፍል፣ ልብ ክፍል፣ አእምሮ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና። ሆስፒታል ውስጥ ቁጥሩ ከውጭው ጋር አንድ አይደለም።

ስታስተኙ ጠይቁ። የሙቀት መጠን እንደምትለኩት ሁሉ ጠይቁ። ግን እናቱ ፊት አትጠይቁት። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገረኝም፣ ከዋርድ ነው የተማርኩት። በእኛ አገር ማጨስ ከቤተሰብ የሚደበቅ ነገር ነው። የንስሐ አባቱ የማያውቁትን፣ ሚስቱ የማታውቀውን፣ አስታማሚ አጠገቡ ቆሞ ለእናንተ አይነግራችሁም። ሴት ከሆነች ደግሞ ሞታ አትናገርም። አስታማሚውን ምግብ እንዲያመጣ፣ ካርድ እንዲያወጣ ላኩት። ከዚያ በቀስታ "ከነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሰው?" በሉት። "ታጨሳለህ ወይ?" ከሚለው ይልቅ ይህ ብዙ ይነግራችኋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ከባድ ነው።

ሱስ የያዘው ሰው ሲጋራ ባጣ በሰዓታት ውስጥ መቅበጥበጥ ይጀምራል። በጣም የሚከብደው ሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ከዚያ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሳምንት እየቀለለ ይሄዳል። አስቡት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን በሽተኛው እጃችሁ ላይ ያለበት ነው! ተኝቶ፣ ከሱቁ ርቆ፣ ፈርቶ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እኛ ግን በዚያው ቀን "አስቸጋሪ በሽተኛ" ብለን እንጽፍበታለን።

ለዚህ መድኃኒት አለው። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በ2021 ለማቆም የሚረዱት እንክብሎች፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን፣ ተጨመሩ። በእኛ አገር እንደ ልብ አይገኙም። ስለዚህ ኮሚቴው ከማስታወቂያ ሰሌዳው በፊት ከፋርማሲው ኃላፊ ጋር ይቀመጥ። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ጥቂት ያኝከዋል፣ አፉን ቆንጠጥ ሲያደርገው በጉንጩና በድዱ መሀል ያሳርፈዋል፣ ሲደበዝዝ ደግሞ ያኝከዋል። ይህን ካላሳያችሁት ሆዱን ያቃጥለውና ይጥለዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንደ ሹፌሩ በርገር ላለበት ሰው ኒኮቲኑ ራሱ ስለማይመከር ምክርና ሌሎቹ መድኃኒቶች ይቀድማሉ። አእምሮ ሕክምና ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ አጫሽ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ እንደሚል አትርሱ። ለሐኪሙ ተናገሩ፣ መጠኑ ይታይ። ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያለው ሰው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ቢያቆም ቁስሉም በደንብ ይድናል፣ ሳንባውም ይተርፋል።

አሁን ወደ ሠራተኛው ልምጣ። እዚህ ላይ ልቤ አይራራም። ጋውን ለብሶ ከድንገተኛ ክፍል ጀርባ የሚያጨስ ሐኪም ወይም ነርስ ሳይ ያ "ጋውናቸው ይሸታል" ያለው ድምፅ ይመጣብኛል። በሽተኛ ሁሉን ያሸታል። ባለሙያው ላይ ደንባችሁ ጠንካራ ይሁን። የሠራተኛውን ሳታስተካክሉ የበሽተኛውን አትንኩ። ቬፕ የምትስቡትንም ነው የምላችሁ። ሽታው ስለማይከብድ ሲጋራ አይደለም ብላችሁ ራሳችሁን ታሳምናላችሁ። ኒኮቲኑ ያው ኒኮቲን ነው፤ አዋጁም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከሺሻ ጋር ከልክሎታል። ተምራችሁ፣ የሳንባ ሥዕል አጥንታችሁ፣ እንዴት ትጀምሩታላችሁ? በእውነት አይገባኝም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን የሌሊት ዲዩቲን አሰብኩ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሰው ሞቶበት፣ ማረፊያ ክፍል የሌለው፣ ሻይ የሚያገኝበት የሌለ ልጅ ከሕንፃው ጀርባ ቢቆም... እሱም ሱስ የያዘው ሰው ነው። ለበሽተኛው ያልኩት ለእሱም ይሠራል። ከላይ ካልኩት ጋር እንደማይገጥም አውቃለሁ። ሁለቱንም አምንበታለሁ። ደንቡ ይጥበቅ፣ ማስቲካውም በነፃ ይሰጠው። ስሙ የማይመዘገብበት፣ አለቃው የማያውቅበት ቦታ አዘጋጁለት።

በተለይ ጥበቃዎቹን አትርሱ። ኮሚቴ ውስጥ ማንም አያስገባቸውም፤ ደንቡን የሚያስከብሩት ግን እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ በብርድ ሲያድሩ ሲጋራ ነው የሚያሞቃቸው። ራሱ የሚያጨስ ጥበቃ አጫሽን አይከለክልም፤ ከከለከለም አዋርዶ ነው። አንድ የበር ጥበቃ አውቃለሁ። ኪሱን ቆሎ ሞልቶ፣ አምሮት በመጣበት ቁጥር ቆሎ እየቆረጠመ ነው የተወው። አምሮቱ ደቂቃዎች ነው የሚቆየው፤ ያንን ከታገሡት ያልፋል። እሱ ካቆመ በኋላ አስታማሚዎችን የሚያናግርበት አነጋገር ተለወጠ። "ወንድሜ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ና ቆሎ እንካ" ነበር የሚላቸው። የጥበቃ ሠልጣኝ ቢሰጠኝ እሱን ነበር አሠልጣኝ የማደርገው።

ለአስታማሚዎችም ገና በመግቢያው ቀን ንገሯቸው። ሲጋራ ይዘው የሚመጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የሚወዱት ሰው ሲሰቃይ ማየት ስላልቻሉ ነው። ያ ረዳት ሹፌሩን ይወደው ነበር። ምን ቢያመጣ እንደሚረዳው የነገረው ሰው ቢኖር ያንኑ ያመጣ ነበር። ውሃ፣ ቆሎ፣ የሚያነጋግረው ጓደኛ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ቡና። ይህን ሁሉም ሰው ይረሳዋል። የሲጋራ ጭስ ካፌይን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ሰውየው ማጨስ ሲያቆም የለመደው ቡና በሰውነቱ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቅበጠበጣል። "ሲጋራውን ስተው ባሰብኝ" ብሎ ተመልሶ ይለኩሳል። ሲጋራው ቀርቶበት ሳይሆን ቡናው በዝቶበት ሊሆን ይችላል። የሚጠጣውን በግማሽ እንዲቀንስ ንገሩት። ማስቲካ የሚጠቀም ከሆነም ቡናውን ጠጥቶ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቆይ፣ አለዚያ ማስቲካው አይሠራለትም። ቤቱ ቡና ሲፈላ አቦሉን ይጠጣ፣ ቶናውንና በረካውን ለጥቂት ሳምንት ይለፈው።